ኒኬል-62 ወይስ ብረት-56? የኩርባው ጫፍ ላይ ያለው ማነው

ቢኒ_ግራፍ
ሰላም ሰዎች። ያቺን የባይንዲንግ ኢነርጂ (ኒውክሊየስን ለመበተን የሚያስፈልገው ኢነርጂ) ኩርባ ታውቋታላችሁ፣ ከሃይድሮጅን ተነስታ ሽቅብ የምትወጣው፣ አንድ ቦታ ጫፍ ደርሳ ከዛ ወደ ዩራኒየም ቀስ እያለች የምትወርደው። ጫፏ ላይ ሁሌ ብረት-56 ተብሎ ይጻፋል፣ አስተማሪውም ቪዲዮውም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ከኒውክሊየስ ሁሉ ጠንካራው ብረት-56 ነው ኮከብም እሱ ጋ ሲደርስ ያበቃለታል ይባላል። እና አሁን የአይሶቶፕ ሰንጠረዥ ከፍቼ ቁጥሮቹን ሳይ ለአንድ ኒውክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ማለት ነው) ብረት-56 8.790 ኤምኢቪ (ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት) ነው፣ ኒኬል-62 ግን 8.795። ብረት-58 ራሱ 8.792 ነው። ስለዚህ ብረት-56 ሦስተኛ ነው እንጂ አንደኛ አይደለም ማለት ነው? ከሆነ ሁሉም ሰው ለምን ብረት ይላል? ኒኬል-62 አንደኛ ከሆነስ ኮከቦች ለምን እሱን አይሰሩም? እባካችሁ ልዩነቱ ትንሽ ነው ተወው እንዳትሉኝ፣ ትንሽ መሆኑን አይቻለሁ።

ደረቅ_ቀልድ
ልዩነቱ ትንሽ ነው ተወው።

ሰብሊ
ሃሃ እሱን ተወው ቢኒ። ያነበብከው ቁጥር ልክ ነው፣ ግን ሰንጠረዡን ከማመን ራስህ ብታሰላው ይሻላል፣ ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኒኬል-62 ውስጥ 28 ፕሮቶንና 34 ኒውትሮን አለ። የኤሌክትሮኖቹን ሂሳብ እንዳንረሳ በፕሮቶን ፋንታ ሙሉ የሃይድሮጅን አተም እንውሰድ። አንድ ሃይድሮጅን 1.007825 ዩ ነው (ዩ ያልኩት የአተም ማስ መለኪያውን ነው)፣ አንድ ኒውትሮን 1.008665 ዩ። 28 ሃይድሮጅን እና 34 ኒውትሮን ለየብቻ ሆነው ሲደመሩ 62.5137 ዩ ይመጣል። ትክክለኛው የኒኬል-62 አተም ግን የሚመዝነው 61.9283 ዩ ነው። የጎደለው 0.5854 ዩ የት ገባ? ሲጣበቁ ኢነርጂ ሆኖ ወጥቷል። አንድ ዩ 931.494 ኤምኢቪ ስለሆነ ስታባዛው ወደ 545.3 ኤምኢቪ ይሆናል፣ ለ62 ስታካፍለው 8.7945።

ብረት-56ን በዛው መንገድ ስራው፣ 26 ሃይድሮጅንና 30 ኒውትሮን፣ የአተሙ ማስ 55.9349 ዩ፣ ጠቅላላው 492.3 ኤምኢቪ ለ56 ሲካፈል 8.7903። ስለዚህ በባይንዲንግ ኢነርጂ ኒኬል-62 አንደኛ፣ ብረት-58 ሁለተኛ፣ ብረት-56 ሦስተኛ። ይሄ የሚያከራክር ነገር የለውም። አዲስ ወሬም አይደለም፣ በ1995 ፌዌል የሚባል የፊዚክስ ሰው በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ፊዚክስ ላይ ይሄንኑ ነገር እንደገና ጽፎታል፣ መጻሕፍቱ ግን አሁንም ብረት ብረት ይላሉ።

ሚስተር_ዜድ
ቆይ ሰብሊ፣ አትቸኩይ። ራስሽ የሰጠሽውን ማስ ውሰጂና በኒውክሊዮን ብዛት አካፍይው። 61.928345 ለ62 ሲካፈል 0.998844 ይመጣል። 55.934936 ለ56 ደግሞ 0.998838። ማለትም ለአንድ ኒውክሊዮን ቀላሉ፣ ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው፣ ብረት-56 ነው። ማስና ኢነርጂ አንድ ናቸው ካልን ታች ያለው እሱ ነው፣ ታች ያለው ደግሞ የተረጋጋው ነው። በባይንዲንግ ኢነርጂ ኒኬል ይበልጣል በማስ ብረት ያንሳል፣ ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ? እኔ በበኩሌ መጻሕፍቱ ተሳስተዋል የሚለው ነገር በጣም የተጋነነ ይመስለኛል።

ቢኒ_ግራፍ
አሁን ይባስ ግራ ገባኝ። አንዱን ግራፍ ስገለብጠው ሌላው መምጣት የለበትም እንዴ?

ጋሽ_መምህር
ልጆች፣ ሁለታችሁም ቁጥራችሁ ልክ ነው፤ የምትለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ከትልልቆቹ ቁጥሮች ይልቅ በትንንሾቹ ልዩነቶች እንየው።

ባይንዲንግ ኢነርጂ ሲሰላ መነሻው የራሱ የኒውክሊየሱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ኒኬል-62ን ከራሱ 28 ፕሮቶንና 34 ኒውትሮን ጋር፣ ብረት-56ን ከራሱ 26 እና 30 ጋር ነው የምናወዳድረው። መነሻው ለሁለቱ አንድ አይደለም። ኒውትሮን ደግሞ ከሃይድሮጅን አተም በ782 ኬኢቪ (ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት) ይከብዳል። ኒኬል-62 ውስጥ ከመቶ 54.8 ኒውትሮን ነው፣ ብረት-56 ውስጥ 53.6። ያቺ ከመቶ አንድ ነጥብ ምናምን ልዩነት በ782 ስትባዛ ለአንድ ኒውክሊዮን 9.9 ኬኢቪ ትሆናለች፣ ኒኬሉ ገና ከመነሻው በዚህ ይከብዳል ማለት ነው። ጥብቅ ሆኖ በመያያዙ የሚያተርፈው ደግሞ 4.2 ኬኢቪ ነው፣ ሰብሊ ያሰላችው የሁለቱ ልዩነት ማለት ነው። 9.9 ከስሮ 4.2 ካተረፈ 5.7 ኬኢቪ ኪሳራ ይቀራል፤ ዜድ በማስ ያገኘው ልዩነትም ወደ ኬኢቪ ሲለወጥ ይሄው 5.7 ነው። ሂሳቡ ይገጥማል።

እንግዲህ ጥያቄው ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን እንዲለወጥ ትፈቅዳለህ ወይ ነው። የፕሮቶንና የኒውትሮን ቁጥር የማይነካ ከሆነ በዋናነት የጠንካራውን ኃይል (ኒውክሊዮኖቹን የሚያጣብቀውን) ስራ እየለካህ ነው፣ እዛ ኒኬል-62 አንደኛ ነው። ደካማው ኃይል ገብቶ አንዱን ወደ ሌላው እንዲለውጥ ከፈቀድክ ብረት-56 ያሸንፋል። ለማየት ያህል 56 የኒኬል-62 ኒውክሊየስ ውሰዱ፣ 3472 ኒውክሊዮን ነው። ያንኑ ያህል ኒውክሊዮን 62 የብረት-56 ኒውክሊየስ ይሰራል። ኒኬሎቹ 1568 ፕሮቶን አላቸው፣ ብረቶቹ 1612 ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ 44 ኒውትሮን ፕሮቶን መሆን አለበት። ከሆነ ወደ 19.8 ኤምኢቪ ትርፍ ይወጣል። ለ3472 ኒውክሊዮን 19.8 ማለት ግን ከምንም አይቆጠርም፣ አንድ የዩራኒየም ፊሽን ብቻውን ወደ 200 ይሰጣል።

ዮዲት_ኤም
ጋሼ እናመሰግናለን፣ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ታዲያ ብረት-56 ዝቅ ያለ ከሆነ ኒኬል-62 ለምን ወደሱ አይፈርስም? የተረጋጋ አይሶቶፕ ነው ይባላል እኮ።

ጋሽ_መምህር
ጥሩ ጠየቅሽ። ያንን ለማድረግ 56 ኒውክሊየሶች ተስማምተው አንድ ላይ መበተንና እንደገና መሰብሰብ አለባቸው። ኒውክሊየስ ግን ብቻውን ነው የሚፈርሰው፣ ለብቻው ደግሞ መውጫ የለውም። ወደ ኮባልት-62 ልሂድ ቢል ከ5 ኤምኢቪ በላይ ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት፤ እንደውም ኮባልት-62 ነው በቤታ (ኤሌክትሮን እየለቀቀ) ወደሱ የሚወርደው። በሌላ በኩል ያለው መዳብ-62ም ፖዚትሮን (ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው ኤሌክትሮን) እየተፋ ወይ ኤሌክትሮን እየዋጠ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። አልፋ (የሂሊየም-4 ኒውክሊየስ፣ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ልትፋ ቢል ብረት-58 ለመሆን 7 ኤምኢቪ ያህል ይጎድለዋል። ግራም ቀኝም ዳገት ነው፤ እሱ ሸለቆው ውስጥ ነው ያለው።

ሰብሊ
ልክ ነው። እኔ ደግሞ ትንሽ ልጨምር፣ ባይንዲንግ ኢነርጂ ለኒውክሊዮን የሚባለው አማካይ ነው፣ አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። አንድ ኒውትሮን ብቻ ነጥዬ ላውጣ ብትል ከኒኬል-62 ለማውጣት 10.6 ኤምኢቪ ይበቃሃል፣ ከብረት-56 ግን 11.2 ያስፈልግሃል። እዚህ ብረት ይበልጣል! ፕሮቶን ለማውጣት ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ኒኬል-62 11.1 ብረት-56 10.2፣ ምክንያቱም ኒኬል 28 ፕሮቶን ነው ያለው፣ 28 ደግሞ ኒውክሊየሱን በተለይ ጥብቅ ከሚያደርጉት ከማጂክ ቁጥሮቹ አንዱ ነው፣ 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82፣ 126 ከሚሉት፣ በ1949 ማሪያ ገፐርት ማየርና የንሰን ለየብቻቸው ሼል ሞዴሉን (ኒውክሊዮኖች በንብርብር ይቀመጣሉ የሚለውን) ሰርተው ያብራሩት፣ በ1963 ኖቤል ያገኙበት።

መጀመሪያው ኤክሳይትድ ስቴትም (ኢነርጂ ተቀብሎ የተቀሰቀሰበት ደረጃ) ይለያያል። የሁለቱም የፕሮቶናቸውም የኒውትሮናቸውም ቁጥር ጥንድ ስለሆነ ግራውንድ ስቴታቸው (ሳይቀሰቀሱ ያሉበት ደረጃ) ስፒኑ (ሽክርክሪቱ) ዜሮ ነው። ብረት-56ን ለመቀስቀስ 847 ኬኢቪ በቂ ነው፣ ኒኬል-62 ግን 1173 ይፈልጋል። ይሄም የዛው የ28 ስራ ነው።

ኮከብ_ቆጣሪ
ሰብሊ ያቺን 847 ኬኢቪ ስላነሳሻት በጣም ደስ አለኝ፣ የቢኒ ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ እሷ ጋ ነው ያለው፣ ኮከቦች ለምን ኒኬል-62 አይሰሩም ላልከው። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ትልቅ ኮከብ እየተቃጠለ ሲሄድ ከሃይድሮጅን ሂሊየም፣ ከሂሊየም ካርቦንና ኦክስጅን እያለ ሲሊከን ይደርሳል። ሂሊየም-4፣ ካርቦን-12፣ ኦክስጅን-16፣ ሲሊከን-28 ሁሉም እኩል ፕሮቶንና ኒውትሮን ነው ያላቸው። የሲሊከኑ መቃጠል ሙቀቱ 3 ቢሊዮን ኬልቪን ምናምን ነው፣ ለትልቅ ኮከብ ይሄ ምዕራፍ ቀናት ቢፈጅ ነው፣ የሱፐርኖቫው ፍንዳታ ሲመጣ ደግሞ በሰከንዶች ያልቃል። ጠንካራው ኃይል በዚህ ጊዜ እንደልቡ ይገነባል ያፈርሳል፣ ደካማው ኃይል ግን ቀርፋፋ ነው፣ በሰከንድ ውስጥ ያን ሁሉ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን መቀየር አይችልም። ስለዚህ ፍንዳታው ጥያቄውን የሚጠይቀው እንዲህ ነው፣ እኩል ፕሮቶንና ኒውትሮን ይዤ ከሁሉ ጠበቅ ያለው ኒውክሊየስ ማነው? መልሱ ኒኬል-62 አይደለም፣ ብረት-56ም አይደለም። ኒኬል-56 ነው! 28 እና 28፣ ሁለቱም ማጂክ። አሥራ አራት አልፋ ቁጠሩት።

ኒኬል-56 ግን የተረጋጋ አይደለም። በ6 ቀን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) ኮባልት-56 ይሆናል፣ ኮባልት-56 ደግሞ በ77 ቀን ግማሽ ዕድሜ ብረት-56 ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ደካማው ኃይል ጊዜ አግኝቶ የሚደርሰው፣ ፍንዳታው ካለቀ በኋላ፣ ያኔ ደግሞ የኒውክሊዮኑ ብዛት 56 ላይ ተቆልፏል። ስለዚህ በዩኒቨርስ ውስጥ ብረት-56 የበዛው የኒኬል-56 ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ ውድድሩን በጫፍነት አሸንፎ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚያልፈው ነጥብ ይሄ ነው እና ለኔ ከጫፉ ክርክር በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው።

በ1987 በትልቁ ማጄላን ደመና ውስጥ የፈነዳው ሱፐርኖቫ 1987ኤ ላይ ይሄ ሁሉ በዓይን ታይቷል። መጀመሪያ ከደመቀ በኋላ ብርሃኑ የደበዘዘበት ፍጥነት ልክ የኮባልት-56ን 77 ቀን የተከተለ ነበር፣ ሶላር ማክሲመም ሚሽን የሚባለው ሳተላይት ደግሞ ከዛ አቅጣጫ 847 ኬኢቪ ጋማ ጨረር ያዘ። ይቺ 847 ማን ናት? ኮባልት-56 ሲፈርስ ብረት-56 የሚወለደው ተቀስቅሶ ነው፣ ከመጀመሪያው ኤክሳይትድ ስቴት ወደ ግራውንድ ሲወርድ የሚለቃት ጨረር ናት። ሰብሊ ከሰንጠረዥ ያነበበችው ቁጥር ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዞ መጥቶ ተመዝግቧል ማለት ነው።

የመብዛቱን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ በተፈጥሮ ካለ ብረት ውስጥ 91.75 በመቶው ብረት-56 ነው። በኒኬል ውስጥ ግን ኒኬል-62 3.6 በመቶ ብቻ ነው፣ ብዙው ኒኬል-58 ነው 68 በመቶ፣ ቀጥሎ ኒኬል-60 26 በመቶ። ኒኬል ራሱ ከብረት በጣም ያነሰ ስለሆነ በሶላር ሲስተማችን ለአንድ ኒኬል-62 ከ400 በላይ ብረት-56 አለ። አንደኛ የወጣው ልጅ ሊታይ እንኳን አይችልም።

ደረቅ_ቀልድ
ኒኬል-62 ኔትወርክ የለውም በሉኛ። ወላጁ ማን እንደሆነ ነው የሚጠየቀው።

ቢኒ_ግራፍ
ኮከብ_ቆጣሪ ይሄ ምርጥ ነው። ግን ኒኬል-56 ላይ ለምን ይቆማል? አንድ አልፋ ጨምሮ ዚንክ-60 መሆን አይችልም? ከብረት በኋላ ፊውዥን (የኒውክሊየሶች መዋሃድ) ኢነርጂ ይበላል የሚባለው ለዛ ነው?

ኮከብ_ቆጣሪ
አይደለም፣ እሱም ተደጋግሞ የሚነገር ነገር ነው። ኒኬል-56 አልፋ ጨምሮ ዚንክ-60 ሲሆን ኢነርጂ ይሰጣል እንጂ አይበላም፣ ወደ 2.7 ኤምኢቪ። ችግሩ ሌላ ነው። በዛ ሙቀት ፎቶኖቹ ራሳቸው ኒውክሊየስ ይበትናሉ፣ ስለዚህ የሚገነባውና የሚፈርሰው ተመጣጥኖ ነው የሚቆመው። አልፋዋ ነጻ ሆና የምትዞረው ሌላ ኒውክሊየስ አፍርሳ የመጣች ናት፣ እሷን ለማግኘት ስንት እንደተከፈለ ካልደመርክ ሂሳቡ ያታልልሃል። ሁሉን ደምረህ ስታየው ክምችቱ ወደ ኒኬል-56 ያደላል፣ ዚንክ-60 ላይ ለአንድ ኒውክሊዮን ያለው ትስስር ከኒኬል-56 ያንሳልና። የኮከቡ እምብርት ደግሞ ከብረት አካባቢ ካሉ ኒውክሊየሶች ተጨማሪ ነዳጅ አያገኝም፣ እሱ እውነት ነው።

የብረት አይነት ኒውክሊየስ ሁለት ወስደህ ብታጋጭ ይከስራል፣ ነጻ ኒውትሮን ብትጨምርበት ግን ያተርፋል። ብረት-56 አንድ ኒውትሮን ውጦ ብረት-57 ሲሆን 7.6 ኤምኢቪ ይለቃል። ከብረት በላይ ያሉት ብዙዎቹ ንጥረ ነገሮች የተሰሩት በዚሁ በኒውትሮን መዋጥ ነው፣ በ1957 በርቢጆቹ ባልና ሚስት ከፋውለርና ከሆይል ጋር በጻፉት ትልቅ ወረቀት ላይ ኤስ ፕሮሰስ (ቀስታው) እና አር ፕሮሰስ (ፈጣኑ) ብለው የለዩት። ኒኬል-62ም የተወሰነው ክፍሉ በቀስታው መንገድ ነው የሚሰራው፣ ኒኬል-60 ኒውትሮን እየዋጠ 61፣ ከዛ 62።

ተስፋ_ኢነርጂ
ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ኒኬል ዱቄት ከሃይድሮጅን ጋር ሲሞቅ ኒኬል-62 ወደ መዳብ ተቀይሮ ኢነርጂ ይሰጣል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። እናንተ ደግሞ ኒኬል-62 ጫፍ ነው ከሱ በኋላ ትርፍ የለም እያላችሁ ነው። ማነው የሚዋሸው?

ሚስተር_ዜድ
ትርፍ የለም ያለ የለም እዚህ፣ አሁን ኮከብ_ቆጣሪ የጻፈውን አንብበው። ነጻ ፕሮቶን ባይንዲንጉ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ የትኛውም የተረጋጋ ኒውክሊየስ አካባቢ ሲገባ በአብዛኛው ያተርፋል። ኒኬል-62 እና ፕሮቶን መዳብ-63 ቢሆኑ 6.1 ኤምኢቪ ይወጣል፣ ሂሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ፕሮቶኑ መግባት አለበት! 28 ፖዚቲቭ ቻርጅ ወዳለበት ሲጠጋ ይገፋዋል፣ የግፊቱ ግድግዳ ከ6 ኤምኢቪ ይበልጣል። የክፍል ሙቀት ላይ ያለ ፕሮቶን ያለው ጉልበት ወደ 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ዱቄቱን ሺህ ዲግሪ ብታሞቀውም 0.1 ገደማ ነው የሚሆነው። ስድስት ሚሊዮን ለሚጠይቅ በር 0.1 ይዞ መምጣት ነው። በታነሊንግ (ግድግዳውን ሳይወጡ ሾልኮ ማለፍ) ይገባል እንዳትለኝ፣ እሱም ለእንደዚህ አይነት ግድግዳ በተግባር ዜሮ ነው። ደግሞ 6 ኤምኢቪ ቢወጣ ጋማ ጨረር አብሮ ይወጣ ነበር፣ ዱቄቱ አጠገብ ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ጤነኛ ሆኖ አይቀጥልም።

ተስፋ_ኢነርጂ
እሺ ጋማው አሳመነኝ።

ዮዲት_ኤም
እኔ የሚገርመኝ ጫፉ ለምን እዛ ሰፈር ሆነ የሚለው ነው። ለምን 60 አካባቢ? ለምን 20 አልሆነም ወይ 150?

ጋሽ_መምህር
ዮዲት፣ እሱን ቫይዝሴከር በ1935 ነው በቀመር ያስቀመጠው። ኒውክሊየሱን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ቁጠሪው። ጠንካራው ኃይል በጣም አጭር ርቀት ስለሆነ የሚሰራ እያንዳንዱ ኒውክሊዮን የሚይዘው አጠገቡ ያሉትን ብቻ ነው። ሁሉም መሀል ቢሆኑ ኖሮ ለእያንዳንዱ ወደ 16 ኤምኢቪ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ጠርዝ ላይ ያሉት በአንድ ወገን ጎረቤት የላቸውም፣ ይጎድላቸዋል። ትንሽ ኒውክሊየስ ውስጥ ሁሉም ጠርዝ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሲያድግ ትስስሩ ይጨምራል። በሌላ በኩል ፕሮቶኖቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ይሄ ግፊት ደግሞ አጭር ርቀት አያውቅም፣ እያንዳንዱ ፕሮቶን ሌላውን ሁሉ ይገፋል፣ ስለዚህ በፕሮቶን ብዛት ስኩዌር ነው የሚያድገው። ጠርዙ ማደግ ይፈልጋል፣ ቻርጁ ማነስ ይፈልጋል፤ የሁለቱ ሚዛን የሚወድቀው 60 አካባቢ ነው። ቻርጁ ባይኖር ኩርባው መውረድ አያውቅም ነበር።

ቀመሩ ግን ሰፈሩን ይነግርሻል እንጂ ቤቱን አይነግርሽም። ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ኒኬል-60 8.781 ነው፣ ክሮሚየም-52 8.776፣ ሁሉም ተጠጋግተዋል። ከነሱ ውስጥ አንደኛውን የሚለየው ሰብሊ ያነሳችው የ28 ማጂክ ቁጥርና የጥንዶቹ ነገር ነው። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ተመልከቱ፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንድም ነጠላ ቁጥር የለበትም።

ሚስተር_ዜድ
እሺ ጋሼ፣ እኔ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ። ደካማው ኃይል ተፈጥሮ ውስጥ አለ፣ ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ እውነተኛው ታች ብረት-56 ነው፣ የኒኬል-62 አንደኝነት የወረቀት ነው። ፍሪማን ዳይሰን በ1979 ያሰላው እኮ አለ፣ ፕሮቶን የማይፈርስ ከሆነ በዩኒቨርስ ያለ ተራ ቁስ ሁሉ በታነሊንግ ቀስ እያለ ብረት ይሆናል፣ ጊዜው 10 ወደ 1500 ዓመት ነው። ማለትም አንድ ተጽፎ ከኋላው 1500 ዜሮ። ብረት ነው ያለው፣ ኒኬል አይደለም።

ሰብሊ
ዜድ፣ ዳይሰን ያለው ልክ ነው፣ ያ ሂሳብ ግን ነጻ ቦታ ላይ ላለ ተራ ግፊት ላለበት ቁስ ነው። የወረቀት ነው ላልከው ኒኬል-62 በእውን የሚያሸንፍበት ቦታ አለ።

ኮከብ_ቆጣሪ
የኒውትሮን ኮከብ ቅርፊት ልትይ ነው አይደል?

ሰብሊ
አዎ ወሰድክብኝ፣ ጻፈው እንግዲህ።

ኮከብ_ቆጣሪ
እሺ። የኒውትሮን ኮከብ (ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ የሚተርፈው በጣም የታጨቀ እምብርት) ውስጡ ሌላ ነገር ነው ውጪው ግን ቅርፊት አለው፣ ኒውክሊየሶች በክሪስታል ተደርድረው ኤሌክትሮኖቹ በመሀላቸው የሚፈሱበት። ባይም፣ ፔቲክና ሰዘርላንድ በ1971 በየጥልቀቱ የትኛው ኒውክሊየስ ዝቅተኛ ኢነርጂ እንደሚሰጥ አሰሉ፣ ደካማው ኃይል ተፈቅዶ፣ ሁሉም ነገር እስከታች ወርዶ ተመጣጥኖ። ዜድ የሚፈልገው ዓይነት ማለት ነው። ከላይ በኩል ጥግግቱ ለአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8 ሚሊዮን ግራም ገደማ እስኪደርስ ድረስ ብረት-56 ነው። ከዛ በታች እስከ 270 ሚሊዮን ግራም ገደማ ያለው ኒኬል-62 ነው። ከሱ ስር ኒኬል-64፣ እያለ ኒውትሮን ወደበዛባቸው ይሄዳል።

ምክንያቱ ጋሼ ከላይ የሰሩት ሂሳብ ውስጥ ነው ያለው። ብረት-56 ያሸነፈው ኒውትሮን ከፕሮቶንና ኤሌክትሮን ጥንድ በ782 ኬኢቪ ስለሚከብድ ነው፣ ኒኬሉ በዛ ነበር 9.9 ኬኢቪ የከሰረው። ቁስ ሲጨመቅ ግን ኤሌክትሮኖቹ ሁሉም ታች መቀመጥ አይችሉም፣ የፓውሊ ሕግ (ሁለት ኤሌክትሮን አንድ ዓይነት ሁኔታ አይይዝም የሚለው) ይከለክላቸዋል፣ እየተደራረቡ ጉልበታቸው ይጨምራል። ኤሌክትሮን መያዝ ራሱ ውድ እየሆነ መጣ ማለት ነው። አንድ ፕሮቶን ኤሌክትሮን ውጦ ኒውትሮን ቢሆን አንድ ውድ ኤሌክትሮን ተገላገልክ። የኤሌክትሮኑ ጉልበት እየጨመረ ሲሄድ ያ የኒውትሮን ኪሳራ እየቀለለ ይመጣል፣ 9.9 የነበረው ከ4.2 በታች ሲወርድ የኒኬል-62 ትስስር ሚዛኑን ይደፋል (የክሪስታሉም ኢነርጂ አለ፣ እሱ ትንሽ ነው)። ስለዚህ ዜድ፣ ደካማው ኃይል ሳይታገድ ኒኬል-62 አንደኛ ነው፣ ግፊቱ ከበቃ።

ሚስተር_ዜድ
ይሄንን አላውቅም ነበር፣ ጥሩ መረጃ ነው። ግን አንድ ነገር ላስምር፣ ግፊት በሌለበት ብረት-56 ያልኩት እንዳለ ነው።

ኮከብ_ቆጣሪ
እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካብህም።

ዮዲት_ኤም
እዚህ ምድር ላይ ግን ኒኬል-62 ለምን ይጠቅማል? ወይስ የክርክር አይሶቶፕ ብቻ ነው?

ሰብሊ
ይጠቅማል ዮዲት። ኒኬል-62ን ሪአክተር ውስጥ አስገብተሽ ኒውትሮን ስታስውጪው ኒኬል-63 ይሆናል። ቴርማል (ቀርፋፋ) ኒውትሮን የመዋጥ ክሮስ ሴክሽኑ (የመዋጥ ዕድሉ መለኪያ) ወደ 14 ባርን ነው፣ የብረት-56 2.6 ገደማ ስለሆነ ከሱ ጋር ስታወዳድሪው ጥሩ ዋጭ ነው። ኒኬል-63 ግማሽ ዕድሜው 100 ዓመት ገደማ ነው፣ የሚለቀው ቤታ ብቻ ነው፣ ጋማ የለውም፣ ቤታውም ቢበዛ 67 ኬኢቪ ስለሆነ ቀጭን ነገር ያስቆመዋል። ስለዚህ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ውስጥ ኤሌክትሮን ካፕቸር ዲቴክተር የሚባለው ላይ ይገባል፣ ክሎሪን ያለባቸውን እንደ ፀረ ተባይ ያሉ ነገሮች በጣም በትንሽ መጠን ለመለየት። ቤታቮልታይክ ባትሪ የሚባሉትም፣ በጣም ትንሽ ፓወር ለረጅም ዓመት የሚሰጡት፣ ብዙ ጊዜ የሚሞከሩት በሱ ነው።

ቢኒ_ግራፍ
ለዛ ተራ ኒኬል አይሆንም?

ሰብሊ
ይሆናል ግን አያዋጣም። 3.6 በመቶው ብቻ ነው 62፣ ሌላው ኒውትሮን ይበላብሃል፣ የተሰራውም ኒኬል-63 በብዙ ተራ ኒኬል ውስጥ ተበርዞ ይቀራል፣ ሁሉም ኒኬል ስለሆነ በኬሚስትሪ መለየት አይቻልም። ባትሪ ከሆነ ደግሞ ቤታው ከኒኬሉ ውስጥ ሳይወጣ እዛው ይቀራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በሴንትሪፊዩጅ 62ቱን አበልጽገው ነው ወደ ሪአክተሩ የሚያስገቡት። ውድ የሚያደርገውም እሱ ነው።